መኪናውን ነዳነው ወይስ ነዳን?

  

በአንድ ጁምዓ መርካቶ አንዋር መስጂድ ሰግደን እየወጣን ነበር። የዕለቱ ኹጥባ ስለ ቀብር ነበር። ኢማሙ ሰው ከዱንያ ይዞ የሚሄደው ከፈኑንና ሥራውን ብቻ መሆኑን ሲናገሩ ከጎኔ የተቀመጡት አዛውንት ሲያለቅሱ ሰምቻለሁ። የኔም ዓይን እርጥብ ነበር። ጫማችንን አጥልቀን ወደ መንገዱ እንደወጣን ግን አንድ ጥቁር ጀርመን ሠራሽ መኪና ሕዝቡን በዝግታ ለሁለት እየከፈለ መጣ። መስታወቱ የጠቆረ፣ ገላው የሚያብረቀርቅ፣ የሞተሩ ድምፅ ከሹክሹክታ የማይበልጥ። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀለት። ከፊቴ የቆመ ወጣት ለጓደኛው፣ «አላህ ይህን ብቻ ቢሰጠኝ ሌላ ምንም አልጠይቀውም» አለው። ልስቅበት ከጀልኩ። ወዲያው ግን የራሴም ዓይን መኪናው ጥጉን ዞሮ እስኪሰወር ድረስ ሲከተለው እንደነበር ልብ አልኩ።

ያ ሁሉ ኹጥባ ከልባችን ለመውጣት ስንት ደቂቃ ፈጀበት? አምስት? ሦስት? ለመሆኑ በዚያ መኪና ውስጥ ምን ቢኖር ነው ልባችንን እንዲህ የሚይዘው? ይህ ጥያቄ የባለ መኪናው ብቻ አይደለም። የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን የምንመለከተውም ሰዎች ጥያቄ ነው። ዛሬ ልንነጋገርበት የፈለግነው ይህንኑ ነው።

ሐላሉን ሐራም አንበል

በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ይህ ጽሑፍ ጥሩ መኪና መንዳት ወንጀል ነው ለማለት አልተጻፈም። አላህ ያልከለከለውን መከልከል ራሱ ትልቅ ድፍረት ነው። በሱረቱል አዕራፍ አላህ ለባሮቹ ያወጣውን ጌጥና መልካም ሲሳይ ሐራም የሚያደርጉ ሰዎች ተወቅሰዋል። በሱረቱ ነሕል ደግሞ ፈረስን፣ በቅሎንና አህያን ለመጓጓዣም ለጌጥም እንደፈጠረልን ከነገረን በኋላ ገና የማናውቀውንም እንደሚፈጥር ይገልጽልናል። የዘመናችን ዑለማዎች መኪናንና አውሮፕላንን ከዚህ ሥር ያነሷቸዋል። እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ የተጠቀሰው መጓጓዣነቱ ብቻ አይደለም፣ ጌጥነቱም ተጠቅሷል። ዓይን በሚያምር ነገር መደሰቱ የተፈጥሮ ነው።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የሰው ልጅ የደስታ ምንጭ ከሆኑት ነገሮች መካከል ደግ ሚስትን፣ ሰፊ ቤትን፣ መልካም ጎረቤትንና ምቹ መጓጓዣን እንደቆጠሩ ኢብኑ ሒባን ዘግበዋል። በሌላ ሐዲሥም አላህ የጸጋው ምልክት በባሪያው ላይ እንዲታይ እንደሚወድ ተላልፏል። እሳቸው ራሳቸውም ቀስዋእ የተባለች ግመልና ዱልዱል የተባለች በቅሎ ነበሯቸው። እንግዲህ አላህ ያበለጸገው፣ ሐቁን ያወጣ፣ ዕዳ የሌለበት ሙስሊም ጥሩ መኪና ቢነዳ ማን ይከለክለዋል?

ውበቱ ከየት መጣ?

ሌላም ሐቅ አለ። እነዚህ መኪኖች የሰውን ልብ የሚስቡት በከንቱ አይደለም። ከጀርባቸው ከመቶ ዓመት በላይ የሆነ ልፋት አለ። ካርል ቤንዝ የተባለው ጀርመናዊ በቤንዚን የሚሄደውን ባለ ሦስት ጎማ ሠረገላውን ማንሃይም ከተማ ሆኖ በስሙ ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 29 ቀን 1886 ነው። ሕዝቡ ግን አላመነውም። በ1888 ሚስቱ በርታ ቤንዝ ባሏን ሳታማክር ሁለት ወንዶች ልጆቿን አሳፍራ ከማንሃይም እስከ ፎርትስሃይም ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነዳችው። መንገድ ላይ ነዳጅ ሲያልቅባት ከመድኃኒት ቤት ገዛች። ፍሬኑ ሲያልቅባት ጫማ ሰፊ ዘንድ ሄዳ ቆዳ አስመታችበት። የዛሬው መርሴዲስ፣ አባቶቻችን ማርቼዲስ የሚሉት፣ መነሻው ይህ ነው።

ከዚያ በኋላም ሥራው አልቆመም። ግጭት ሲደርስ የመኪናው ፊትና ኋላ ተጨማዶ ኃይሉን እንዲውጥና የተሳፋሪው ክፍል እንዲድን የማድረግ ሐሳብ የቤላ ባሬኒ ሲሆን፣ በ1959 በወጣው መርሴዲስ ላይ ተሠራበት። በ1978 ጎማ ሳይቆለፍና መኪናው ሳይንሸራተት እንዲቆም የሚያደርገው ፍሬን በዚሁ ኩባንያ ትልቁ መኪና ላይ መጣ። የነጂውን ደረት ከመሪው የሚያድነው የአየር ከረጢትም በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተከተለ። እነዚህ ነገሮች በመጀመሪያ የባለጸጎች ነበሩ፤ ዛሬ በተራ መኪኖችም ላይ ይገኛሉ። ነፍስን መጠበቅ ከሸሪዓችን ዐበይት ዓላማዎች አንዱ ነውና፣ በዚህ ሥራ የተረፈ እያንዳንዱ ሰው ቀላል ነገር አይደለም።

የመኪናው በር ሲዘጋ የሚሰማው ያ ጥቅጥቅ ያለ ድምፅ እንኳ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ መሐንዲሶች ተጨንቀውበታል። ሥራን አሳምሮ መሥራት፣ ኢትቃን፣ የኛ የዲናችን ቃል ነበር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አላህ ሥራውን አሳምሮ የሚሠራን ሰው እንደሚወድ መናገራቸው ተላልፏል። ታዲያ እኛ ዕቃ ስንሸጥ፣ ብሎኬት ስናመርት፣ ልብስ ስንሰፋ ኢትቃኑ የታለ? የጀርመኑን መኪና እያየን የምንመኘው ቁልፉን ብቻ ከሆነ ከትምህርቱ ገለባውን አንስተን ፍሬውን ጥለናል።

ሆኖም ስም ብቻውን እውነትን አይተካም። በ2015 ቮልስዋገን፣ ኦዲን ጨምሮ በሥሩ በሚሠሩ የናፍጣ መኪኖች ላይ ምርመራውን የሚያታልል ፕሮግራም ማስገባቱ ተጋለጠ። መኪናው በምርመራ ጊዜ ጭሱን ይቀንሳል፤ መንገድ ላይ ሲወጣ ከተፈቀደው ብዙ እጥፍ ይለቃል። ጉዳዩ በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ያህል መኪኖችን ነክቷል። ይህ በሱረቱል ሙጠፊፊን የተወገዙት ሚዛን አጭበርባሪዎች ሥራ አይደለምን? ሚዛኑ ኮምፒውተር ሆነ እንጂ ወንጀሉ ያው ነው። ሰው የሠራው ነገር የቱንም ያህል ቢያምር ልብ የሚደገፍበት ግንብ ሊሆን አይችልም።

ያልተጻፈው ዋጋ

አሁን ወደ ከተማችን እንመለስ። እዚህ አዲስ አበባ ከምናያቸው ጀርመን ሠራሽ መኪኖች ብዙዎቹ በሦስተኛና በአራተኛ እጅ ላይ ያሉ ናቸው። ገዢው ደላላው የጠራለትን ዋጋ ሰምቶ፣ «ከኮሮላ ጋር እኮ ተቀራራቢ ነው!» ይላል። እውነት ነው፤ መኪናው ሲያረጅ ዋጋው ይወርዳል። የመለዋወጫው ዋጋ ግን አያረጅም። ለአዲሱ ባለጸጋ ታስቦ የተተመነ ዕቃ ነውና አሥራ አምስት ዓመት ቢያልፈውም ዋጋው የባለጸጋ ነው።

የቶዮታ ዕቃ ሶማሌ ተራ ብትሄድ እየመረጥክ ትገዛለህ። የጀርመኑ ግን ብዙ ጊዜ ከዱባይ ይታዘዛል። ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቢጫ መብራት ስትበራ መንደር ውስጥ ያለው መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ ይዘጋዋል፤ ኮምፒውተር ያለው ጋራዥ መፈለግ ነው። ገላው ለጀርመን አውራ ጎዳና ተብሎ ወደ መሬት ዝቅ ተደርጎ የተሠራው መኪና የሰፈራችን ኮብልስቶን ላይ ሆዱ ይላጣል። በሞላ ፋንታ በአየር ከረጢት ላይ የሚንሳፈፈው ደግሞ ከረጢቱ ሲቀደድ እንደ ታመመ ግመል በአንድ ጎኑ ይንበረከካል። በዚህ ላይ በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ብር ሲወርድ ከውጭ የሚገዛው ዕቃ ሁሉ ተወደደ። በጥር 2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መወሰኑ ሲነገርም የብዙ ሰው ዓይን ወደ ኤሌክትሪኩ ዞረ። ሞተሩ ቢቀየር ግን የልቡ ጥያቄ አይቀየርም።

ኢስራፍ ማለት ውድ ነገር መግዛት ብቻ አይደለም። ኢስራፍ ከአቅም ማለፍ ነው። ለአንዱ ባለሀብት ከሀብቱ ጠብታ የሆነው መኪና ለሌላው የሱቁ ካፒታል፣ የልጆቹ ትምህርት፣ የሚስቱ እንቅልፍ ነው። ይበልጥ የሚያስፈራው ደግሞ ዕዳው ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዕዳ ያለበት ሰው ጀናዛ ሲመጣላቸው አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ዕዳውን በራሳቸው ላይ እስኪወስዱ ድረስ አልሰገዱበትም ነበር። ያ ዕዳ ጥቂት ዲናር ነበር። ለእንጀራ ሳይሆን ለመታየት የተገባ ዕዳስ እንዴት ሊሆን ነው? በወለድ ሲሆን ደግሞ ከአላህና ከመልዕክተኛው ጋር ጦርነት የታወጀበት ነገር ውስጥ መግባት ነው። በ2013 ሥራ የጀመረውን ዘምዘም ባንክን የመሳሰሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ባሉበት ዘመን «አማራጭ አጣሁ» ማለት ለብዙዎቻችን ምክንያት አይሆንም።

የአንድ ወንድማችን ታሪክ

ይህን ታሪክ የነገረኝ ባለ ጉዳዩ ራሱ ነው። ስሙን ሳልጠራ ለሌሎች ትምህርት እንዲሆን እንድጽፈው ፈቅዶልኛል።

መርካቶ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነበረው። ታናሽ ወንድሙ ጅዳ ውስጥ የአንድ ሀብታም ቤተሰብ ሾፌር ነበር። ታናሹ ከደመወዙ እየቆጠበ፣ የእናታቸው የጭቃ ቤት ፈርሶ በብሎኬት እንዲሠራ በየጊዜው ገንዘብ ይልክለታል። ገንዘቡ አማና ነው። መሠረቱ ወጣ፤ ግድግዳውም እስከ መስኮት ደረሰ። በዚህ መሐል አንድ ደላላ ያገለገለ ጀርመን ሠራሽ መኪና አሳየው። ነፍስያውም መከረችው፦ «ጥሩ መኪና ያለው ነጋዴ ዱቤ አይከለከልም። ለሦስት ወር ብቻ ነው፤ ከዚያ አትርፈህ ትመልሰዋለህ።» ከሱቁም ከአማናውም አንስቶ ገዛው።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ጣፋጭ ነበሩ። ዘበኞች በር ሮጠው ይከፍቱለታል። ሠርግ ቤት ፊት ለፊት ቦታ ይለቀቅለታል። ትላንት በስሙ ብቻ ይጠሩት የነበሩ ሰዎች «ሐጂ» ይሉት ጀመር፤ ሐጅ ሳያደርግ! ከዚያ ቢጫዋ መብራት በራች። ካምቢዮው ታመመ። ዕቃው ታዘዘ፤ ተሳሳተ፤ እንደገና ታዘዘ። ሱቁ ያገኘውን ጋራዡ በላው። የእናቲቱ ቤት ግድግዳ በመስኮቱ ልክ ቆሞ ሁለት ክረምት ዘነበበት።

በ2006 ከሳዑዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ሲመለሱ ታናሽ ወንድሙም አንድ ፌስታል ይዞ ቦሌ ወረደ። ታላቁ በመኪናው ሊቀበለው ሄደ። ተቃቅፈው ተላቀሱ። መኪናው ዘንድ ሲደርሱ ታናሹ ቆም አለና በእጁ ዳበስ አደረገው። «ጋሼ፣ ይህን መኪና አውቀዋለሁ። የአሠሪዬ ልጅ የሚነዳው ይህንኑ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ያጠብኩት እኔ ነኝ» አለው። ከዚያ ገብቶ ተቀመጠ። ጥቂት እንደሄዱ፣ «የእማዬ ቤትስ የት ደረሰ? ቆርቆሮው ተመታ?» ሲል ጠየቀው።

ወንድማችን ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ይቆራረጥ ነበር። «መሪውን እንደያዝኩ አንደበቴ ተያዘ። ቤቱ ውስጥ ተቀምጠን እየሄድን ነው እንዴት ልበለው?» አለኝ።

በወሩ መኪናውን ሸጠው። ያገኘው የገዛበትን ግማሽ አልሞላም። ቀሪውን ለመመለስ ሁለት ዓመት ለፋ። ታናሹ አንድ ክፉ ቃል አልተናገረውም፤ ያ ዝምታ ከስድብ የከበደ እንደነበር ነግሮኛል። እናታቸው በአዲሱ ቤት ሁለት ረመዳን ጾመው ወደ አኺራ ሄዱ፤ አላህ ይዘንላቸው። «ቤቱ ውስጥ ሦስትና አራት ረመዳን ሊጾሙ ይችሉ ነበር፤ እሱን ያስቀረሁባቸው እኔ ነኝ። መኪናው ምን አጠፋ? ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ይላል።

አንድ ፈረስ፣ ሦስት ፍርድ

ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ፈረስ ለሦስት ዓይነት ሰዎች ሦስት ዓይነት እንደሆነ አስተምረዋል። በአላህ መንገድ ላዋለው ምንዳ ነው። ራሱን ከሰው እጅ ለማብቃቃት ይዞት የአላህን ሐቅ ላልረሳ ሽፋን ነው። ለኩራት፣ ለይዩልኝና ሙስሊሞችን ለመጣላት ለያዘው ደግሞ ሸክም ነው። ፈረሱ አንድ ነው። ልጓሙም፣ ኮርቻውም፣ ዋጋውም አንድ ነው። ፍርዱን ሦስት ያደረገው የጋላቢው ልብ ነው። በፈረሱ ቦታ የዛሬውን መኪና አስገባና እንደገና አስበው።

ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ወደ ሻም በመጡ ጊዜ የሆነውን የታሪክ ጸሐፍት ዘግበዋል። ለኸሊፋው የሚመጥን ነው ተብሎ ያማረ ፈረስ ቀረበላቸው። ወጡበት። ፈረሱም እየተንጎራደደ ይራመድ ጀመር። ዑመር ወዲያው ወረዱ። በነፍሳቸው ውስጥ ያልለመዱት ነገር እንደተሰማቸው ተናግረው ወደ ግመላቸው ተመለሱ። ፈረስ ሐራም ነው አላሉም። ሌላውን ሰው አልከለከሉም። የተለወጠውን የራሳቸውን ልብ ነው ያዩት። የዓለም ኃያላንን ያንበረከኩት ዑመር በጥቂት እርምጃ ውስጥ ልባቸው ሲለወጥ ከተሰማቸው፣ እኛ በዓመትና በሁለት ዓመት ውስጥ ምን ያህል እንለወጥ?

ለውጡ በምን ይታወቃል? ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ኪብርን ሲያስረዱ ሰው ልብሱና ጫማው እንዲያምር መውደዱ ኪብር አለመሆኑን፣ ኪብር ማለት እውነትን አለመቀበልና ሰውን መናቅ መሆኑን ተናግረዋል። እንግዲህ መለኪያው ይኸው። በቪትዝ ስትሄድ የምታሳልፈውን እግረኛ ዛሬ በክላክስ ታስበረግገዋለህን? የጁምዓ ቀን መስጂዱ በር ላይ መንገድ ዘግተህ አቁመህ ሰላት ላይ ትቆማለህን? ጋሪ የሚገፋው ልጅ ገላውን ስለጫረብህ አባቱ በሚሆን ሰው ፊት ትሰድበዋለህን? የድሮ ጓደኛህን ታክሲ ሲጠብቅ አይተህ በጠቆረው መስታወት ውስጥ አልፈኸው ታውቃለህን? መልሱ አዎ ከሆነ ወንድሜ ሆይ፣ መኪናውን እየነዳኸው አይደለም፤ እየነዳህ ነው።

በሱረቱ ሷድ የነቢዩ ሱለይማንና (ዐ.ሰ) የፈረሶቻቸው ታሪክ አለ። ብዙ ሙፈሲሮች እንደሚገልጹት ያማሩት ፈረሶች ሲታዩላቸው ጊዜው ሄዶ የአላህ ዝክር አመለጣቸው፤ በዚህም ተጸጸቱ። ዛሬ አዛን እየተሰማ መኪናውን የሚያስጠርግ ስንት አለ!

ተመልካቹም ይጠየቃል

ይህ ሁሉ ሲባል መኪና የሌለን ሰዎች «እሰይ!» እንዳንል እሰጋለሁ። የኛም ሒሳብ አለ። ቃሩን አጊጦ ሕዝቡ ፊት በወጣ ጊዜ አላህ የነገረን ስለ እሱ ብቻ አይደለም። ዳር ቆመው የሱን ዓይነት የተመኙትንም ነግሮናል። በማግሥቱ ምድር ከነቤቱ ስትውጠው አላህ ምኞታቸውን ስላልሰጣቸው ያመሰገኑት እነዚያው ተመልካቾች ናቸው። ያ ከአንዋር በር ላይ የተመኘው ወጣት፣ እኔም ጭምር፣ የት እንደቆምን እንወቅ።

ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲሥ አንድ የተከበረ ባለጸጋ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አጠገብ ሲያልፍ፣ ስለ እሱ የተጠየቁት ሶሐቦች ሚስት ቢጠይቅ የሚዳርለት፣ ቢያማልድ የሚሰማ ሰው መሆኑን ተናገሩ። ቀጥሎ አንድ ድሃ አለፈ። ስለ እሱ ደግሞ ቢጠይቅ የማይዳርለት ነው ተባለ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ይህ ድሃ ምድር ሙሉ እንደዚያ ካሉ ሰዎች እንደሚበልጥ ተናገሩ። እስቲ ዛሬ ሽማግሌ ሲላክብን ከልጁ ዲን በፊት የምንጠይቀው ምንድን ነው? «ምን ይነዳል?» አይደለምን? ልጃችንን ለባል ነው ወይስ ለሊብሬ የምንድረው? ወጣቱን ከአቅሙ በላይ ወደሆነው መኪና፣ ከዚያም ወደ ዕዳ የምንገፋው እኛው ነን።

ሌላው በሽታ ሐሰድና መጥፎ ጥርጣሬ ነው። ጥሩ መኪና ያየነውን ሁሉ «ሌባ ነው» ማለት ከየት የመጣ ፈቃድ ነው? አንዱ ሐላል ሠርቶ፣ ዘካውን አውጥቶ፣ አላህን አመስግኖ ይነዳል። ሌላው በአሮጌ ቪትዝ ውስጥ ተቀምጦ ልቡ በኩራት የተወጠረ አለ። የልብን ምስጢር የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው።

ከፍ ያለ ሁሉ ዝቅ ይላል

የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ግመል ዐድባእ በእሽቅድድም ተቀድማ አታውቅም ነበር። አንድ ቀን አንድ የገጠር ዐረብ በወጣት ግመሉ መጥቶ ቀደማት። ሶሐቦች ከፋቸው። እሳቸው ግን ከዱንያ ነገር ከፍ ያለን ሁሉ አላህ ዝቅ ማድረጉ የማይቀር መሆኑን በማስተማር አጽናኗቸው። ቡኻሪ ዘግበውታል። የነቢይ ግመል እንኳ ከዚህ ሕግ ካላመለጠች የማን መኪና ያመልጣል?

አዛውንቶቻችን የሚያስታውሱት ነገር አለ። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወርደው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ሲወጡ የተጫኑት በዚያ ሁሉ የቅንጦት መኪና አልነበረም። በትንሿ ቮልስ ነበር። እሷም ጀርመን ሠራሽ ናት! አላህ ያሻውን ከፍ ያደርጋል፤ ያሻውን ዝቅ ያደርጋል። ከዚያም በኋላ ለሁላችንም፣ ለባለ መኪናውም ለእግረኛውም፣ የመጨረሻው መጓጓዣ አንድ ነው። በሰው ትከሻ የሚሄድ ቃሬዛ ነው። መሪ የለውም፤ ፍሬን የለውም፤ ወደ ኋላም አይመለስም።

ቁልፉን ከመጨበጥህ በፊት

ወንድሜ ሆይ፣ እህቴ ሆይ፣ እንዲህ ያለ መኪና ለመግዛት ካሰባችሁ ቁልፉን ከመጨበጣችሁ በፊት ራሳችሁን ጥቂት ጥያቄ ጠይቁ።

አንደኛ፣ ገንዘቡ የማን ነው? የወንድም አማና፣ የየቲም ድርሻ፣ የሠራተኛ ደመወዝ አለበትን? በትንሣኤ ቀን ስለ ሀብታችን ከየት እንዳመጣነውና በምን ላይ እንዳዋልነው እንጠየቃለን።

ሁለተኛ፣ ዘካው ወጥቷልን? ለግል መገልገያ የሆነ መኪና ዘካ የለበትም። የሱቁ ዕቃና የተቀመጠው ገንዘብ ግን ኒሷብ ሞልቶ ዓመት ሲዞርበት ከመቶው 2.5 አለበት። የመኪናውን ዘይት መቀየሪያ ቀን ሳይረሳ የዘካውን ቀን የሚረሳ ሰው ያሳዝናል።

ሦስተኛ፣ ቢበላሽ ማስጠገን ትችላለህን? ወይስ ጋራዡ የልጆችህን ዳቦ ይበላል? የግዢውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የዓመቱን መለዋወጫ፣ ጎማና ኢንሹራንስ ደምረህ ቁጠር። አቅምህ ቪትዝ ከሆነ ቪትዝም የአላህ ኒዕማ ነው።

አራተኛ፣ ማን ይሳፈርበታል? ሌሊት ምጥ የያዛት ጎረቤት፣ ዲያሊስስ የሚመላለሱ አዛውንት፣ ዝናብ የመታው የቁርኣን ተማሪ የኋላውን ወንበር ያውቁታልን? ሰው እንዳያቆሽሸው የምትሳሳለት ወንበር አንተን እንጂ እሱን አላገለገለህም። ያንን በር ለተቸገረ የከፈትክ ቀን ግን መኪናህ ከሸክምነት ወደ ምንዳነት ይሻገራል።

አምስተኛ፣ ዛሬ አላህ ቢወስደው ልብህ ምን ይሆናል? ይህን መመለስ የምትችለው አንተ ብቻ ነህ።

ስትነሳም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያስተማሩንን የመጓጓዣ ዱዓእ አትርሳ። ዱዓኡ ይህን ነገር የገራልን አላህ እንጂ እኛ የማንችለው እንደነበርና መመለሻችንም ወደሱ መሆኑን ያስታውሰናል። ሞተር ባስነሳህ ቁጥር ይህን ከልቡ የሚል ሰው መኪናው ሊነዳው አይችልም።

አላህ ሐላሉን ያስፋልን፤ በሐራም ከመብቃቃት ይጠብቀን። የሰጠንን ኒዕማ የምናመሰግንበት እንጂ የምንጠየቅበት አያድርግብን። ዕዳ ያለብንን ዕዳችንን ያቃልልን፤ አማና የበላነውን ለባለቤቱ የመመለስ ወኔ ይስጠን። ዱንያን በእጃችን እንጂ በልባችን አያኑርብን። አሚን!

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።